ኤንትሬው ይጮኻል እንጂ አይጎትትም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። አባታችን በፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና የአሰብን መስመር እያመላለሱ ነው ያሳደጉን። 1990 ላይ መስመሩ ሲዘጋ መኪናው ጥቂት ዓመት የአገር ውስጥ ጭነት ሠራና ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ቀረ። ዘንድሮ ከአባባ፣ ከሁለት ወንድሞቼና ማሽን ሥራ ከተማረችው እህቴ ጋር ሆነን አስነሳነው። ሞተሩ ግሩም ነው። ጣጣው ከሞተሩ ኋላ ነው። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ይጮኻል፣ ግን አይጎትትም። ሲነሳ ከሥር «ቋ!» ይላል። ሦስተኛ ማርሽ ደግሞ ነዳጅ ስንለቅ ራሱ ይወጣል። ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እንግጠምለት ባይ ነው። አባባ «ካምቢዮዬን እንዳትነኩ» ብለው ተቆጥተዋል። ማንን እንስማ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አባትህን ስሙ። ሽማግሌ ለሽማግሌ ማድላቴ አይደለም፣ ቢሆንም ትንሽ ነው። የጻፍክልኝ ሦስት የተለያየ ችግር ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ገና ካምቢዮ አያስቀይርም።

ከጩኸቱ እንጀምር። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙና ከፍ ያለ ማርሽ አስገብታችሁ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መሥራቱን ከቀጠለ ነገሩ ታወቀ። አንዴ ይበቃል፣ ደጋግማችሁ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ሸራ እንዳታቃጥሉት። ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት ግን ፔዳሉን በእጅ ጫን ጫን አድርጉት፤ ጭራሽ ነጻ እንቅስቃሴ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ነውና ማስተካከል ብቻ ሊበቃችሁ ይችላል።

ካልበቃ ማውረድ ነው። እዚህ ላይ ልቆጣህ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። ጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ሳታደርጉ ማንም ሥሩ አይግባ። ካምቢዮው ከባድ ነው፣ በአራት ሰው ክንድ የሚያዝ አይደለም፤ በሰንሰለት ማንሻ ያዙት፣ ስታወጡም ስትመልሱም የካምቢዮው ዘንግ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ውስጥ እያለ ክብደቱን እንዳትለቁበት፣ ዲስኩን ያጣምመዋል። ብዙ ሰው አዲስ ዲስክ ገዝቶ እዚህ ላይ ያበላሸዋል።

ወርዶ ስታዩት ሸራው ደርቆ ከሳሳ ቀይሩት፣ ያ ቀላሉ ነው። ዘይት ከጠጣ ግን ዘይቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ከሞተሩ ኋላ ነው ወይስ ከካምቢዮው ፊት? የሞተር ዘይት ጥቁርና ቀጭን ነው፣ የካምቢዮ ወፈር ይላል፣ ሽታውም ይከረፋል። ዓመታት የቆመ መኪና ፓራኦሊዮው፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ይደርቃል። ሸራ ቀይራችሁ ፓራኦሊዮውን ከተዋችሁት በወሩ ያንኑ ሥራ እንደገና ትጀምራላችሁ። ቮላኖውን፣ ዲስኩ የሚጫንበትን ከባድ ክብ ብረት፣ ለእህትህ ስጧት። ሰማያዊ ጠባሳ ወይም ስንጥቅ ካለው፣ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ላይ ምን ያህል ቢነካ እንደሚበቃው ከእናንተ እሷ ታውቃለች።

«ቋ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክሮቸራ ነው፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ጫፍ ያለው የመስቀል መገጣጠሚያ። ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ዘንጉን በእጅህ ወዲህ ወዲያ አዙረው፤ መስቀሉ ላይ ክፍተት ከተሰማህ አገኘኸው። ከማውለቃችሁ በፊት በሹል ብረት ምልክት አድርጉ፤ የዘንጉ ሁለት ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልተመለሱ መኪናው እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። ክሮቸራው ደህና ከሆነ የዘንጉን ተንሸራታች ጥርስ እዩ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል መጨረሻ ይምጣ። በጉዞ ላይ የማያለቅስ ዲፈረንሻል ባይከፈት ይሻላል። ከከፈታችሁ ውስጡ ያሉት ትልቁና ትንሹ ጥርስ፣ ኮሮናውና ፒኞኑ፣ አብረው የተላመዱ ጥንዶች ናቸው፣ የአንዱን ከሌላ መኪና አምጥቶ ማጋባት የለም።

ወደ ሦስተኛው ማርሽ ስመጣ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ማን ነው የሚነዳው? የ682 ዘር መሠራት የጀመረው በፈረንጅ 1952 ነው፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክለውን የአሁኑን ማመሳሰያ አያውቅም። አባትህ ማርሽ ሲቀይሩ እግራቸውን ተመልከት። ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ይረግጣሉ፣ ሲቀንሱ ደግሞ መሃል ላይ ነዳጅ ይነካሉ። እናንተ በአይሱዙ የለመዳችሁ ልጆች ግን አንዴ ረግጣችሁ ገፋችሁ። የማርሹ መያዣ ጥርስ ጫፉ እየዞረ ሲሄድ መያዙን ይተዋል። ለማንኛውም ከላይ ያለውን ክዳን ብቻ ክፈቱና ማርሹን በቦታው የሚይዙትን ኳስና ሞላ እዩ፤ ሞላው ተሰብሮ ወይም ደክሞ ከሆነ ዋጋው የቡና ያህል ነው። ቀጥሎ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ጎኑ ተበልቶ እንደሆነ፣ ከዚያም ዘንጉ ኩሽኔታው ላይ ይጫወት እንደሆነ ተመልከቱ። የተበላ ጥርስ ካገኛችሁ ያንን ማርሽ ብቻ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫው ገበያ፣ ወይም ከተፈታታ ኤንትሬ ፈልጉ።

ለወንድምህ ደግሞ፦ የኤንትሬ ሞተር ከ10 ሊትር በላይ ነው። የአይሱዙ ኤንፒአር ካምቢዮ የተሠራው ለግማሹ ያህል ሞተር ነው። መያዣው አይገጥም፣ የዘንጉ ጥርስ አይገጥም፣ የኋላው ዘንግ ቁመት ይለወጣል፤ ያን ሁሉ በብየዳ አስገጥማችሁ ጭነት ስትጭኑበት ይፈነዳል።

ሲያልቅ ባዶውን ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሞክሩት። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር አትሞላም፣ ግን 600 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። መውጣቱ አያሰጋኝም፤ ቢያቅተው ታኮ አድርጋችሁ ትቆማላችሁ። መውረዱ ነው። ሦስተኛው ማርሽ ቁልቁለት ላይ ከወጣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፣ ጉም ባለበት ጠዋት ደግሞ የሐረጎ መታጠፊያ አይታይም። የመጀመሪያውን ቁልቁለት መሪው ላይ አባትህ ይቀመጡ። አንተ ጎናቸው ሆነህ እግራቸውን እይ።