ዳታቤዙ ተሻገረ፣ የአማርኛው ፍለጋ ግን ተበላሸ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ መለዋወጫ መደብር የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ዳታቤዝ ከኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) 2008 አር2 ወደ 2022 ተዛውሯል። አዲሱ ፕሮግራም በዶት ኔት 8 እና በኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር 8 (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፤ ከዚህ በታች «ኮር») እየተጻፈ ነው። የዕቃ ኮዶች ዝርዝር ይዞ የሚፈልገው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ከዶላር ምልክት አጠገብ የአጻጻፍ ስህተት አለ ይላል፤ ሽያጭ ሲመዘገብ ትሪገርን (መረጃ ሲመዘገብ ሰርቨሩ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) የሚጠቅስ ስህተት ይወጣል፤ «አልማዝ» ተብሎ ሲፈለግ ደግሞ በአማርኛ የተመዘገበው የሁሉም ደንበኛ ስም ይዘረገፋል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ከባክአፕ ሪስቶር የተደረገ (የተመለሰ) ዳታቤዝ የድሮ ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭሉን (በየትኛው የሰርቨር ስሪት ደንብ እንደሚሠራ የሚወስነውን ቁጥር) ይዞ ስለሚመጣ የእርስዎ አሁንም 100 ላይ ነው። ኮር 8 ዝርዝሩን የሚልከው ኦፕን ጄሰን በተባለው የሰርቨሩ ፈንክሽን በኩል ሲሆን፣ ይህ የሚሠራው ከ130 ጀምሮ ነው። ወደ 160 ያሳድጉት። ከዚያ በፊት ግን የኩዌሪዎችን ፍጥነት የሚመዘግበውን ኩዌሪ ስቶርን ከፍተው የወር መዝጊያ ሪፖርቶቹ ጭምር እንዲሠሩ ያድርጉ፤ ከ120 ወዲህ የረድፍ ብዛት መገመቻው ስለተቀየረ ቀድሞ ፈጣን የነበረ ሪፖርት ሊጎተት ይችላል። ከተጎተተ 160ውን ሳይነኩ የድሮውን መገመቻ ብቻ ማብራት ይቻላል። የድሮውን ሰርቨር ለጊዜው አያጥፉት፤ የ2022 ባክአፕ 2008 አር2 ላይ አይመለስም።

ትሪገሩን እንዳይሰርዙት! በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከስቶክ የሚቀንሰው እሱ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ኮር ከ7 ጀምሮ ሲያስቀምጥ አውትፑት የሚለውን ሐረግ ስለሚጨምርና ሰርቨሩ ትሪገር ባለው ቴብል ላይ ይህን ስለማይፈቅድ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ለዚያ ቴብል «ሃዝ ትሪገር» ብለው ያሳውቁት፤ በቀድሞው መንገድ ያስቀምጣል።

ዋናው ሥራ አማርኛው ላይ ነው። መጀመሪያ ኮለሙን ይዩ። ቫርቻር (በተለምዶ የግዕዝ ፊደል የማይዝ የጽሑፍ ዓይነት) ሆኖ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆኑ ፊደሉ ሲመዘገብ ጠፍቷል፤ ከወረቀት ደረሰኝ ካልሆነ አይመለስም። ኤንቫርቻር (የግዕዝ ፊደል የሚይዝ) ከሆነና ስሞቹ በደንብ እየታዩ ፍለጋው ብቻ ከተምታታ ጥፋቱ የኮሌሽን (ፊደላት የሚወዳደሩበትና የሚደረደሩበት ደንብ) ነው። የድሮዎቹ ኮሌሽኖች ለግዕዝ ፊደል የመለያ ክብደት ስለሌላቸው «አልማዝ»ንም «ከበደ»ንም እንደ ባዶ ቆጥረው እኩል ያደርጓቸዋል። ለማረጋገጥ ሁለቱን ቃላት፣ ከፊታቸው ትልቁን የእንግሊዝኛ ኤን (N) አድርገው፣ በኮለሙ ኮሌሽን ያወዳድሩ፤ እኩል ናቸው ካለ ጥፋቱ እሱ ነው። በላቲን ፊደል የተመዘገቡ ደንበኞች በፍለጋው አለመምጣታቸውም ምልክት ነው።

መፍትሔው ኮለሙን ወደ ላቲን1 ጀነራል 100 ሲአይ ኤኤስ (Latin1_General_100_CI_AS) ወደሚባለው ኮሌሽን መቀየር ነው። የዳታቤዙን ኮሌሽን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ነባሮቹ ኮለሞች እንዳሉ ይቀራሉ። በኮለሙ ላይ ያለውን ኢንዴክስና ገደብ ያንሱ፣ ኮለሙን ይቀይሩ፣ መልሰው ይፍጠሩ። ሲቀይሩ «ኖት ነል» የሚለውን ደግመው ይጻፉት፤ ከተዘነጋ ኮለሙ ባዶ እንዲቀበል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ስሙ በሁለት ቴብል ካለና በስም የሚጣመሩ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀይሩ፤ አለዚያ የኮሌሽን ግጭት ስህተት ይወጣል።

ከዚህ በኋላም አንዱ ገንዘብ ተቀባይ «ሐና»፣ ሌላው «ሀና» ብሎ ከመዘገበ ሰርቨሩ ሁለት ሰው ያያል። ለዚህ የመፈለጊያ ስም የሚሆን ተጨማሪ ኮለም ይክፈቱና ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ያዛውሩ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣትም አይርሱ። ለነባሩ መረጃ ፊደልን በፊደል የሚተካው ትራንስሌት የሚለው ፈንክሽን ይበቃል፤ ኮሌሽኑ ሳይስተካከል ግን አያስኪዱት፣ ውጤቱ አይታመንም። ለአዲሱ ፕሮግራሙ ራሱ ሲመዘግብ ይሙላው፤ ተጠቃሚው የጻፈውንም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው መንገድ ያሳልፈው። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ግን ደንበኛው እንዳስመዘገበው የተጻፈው ስም ይሁን።