ሰው በሌለበት ደሴት ቆሻሻውን ማን ጣለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጄ ስልክ ላይ ሄንደርሰን የሚባል ደሴት ካየች ወዲህ እንቅልፍ ነስታኛለች። ሰው አይኖርበትም ይላሉ፤ ዳርቻው ግን በፕላስቲክ ተሞልቷል። «እማ፣ ሰው ከሌለ ማን ጣለው? ከእኛ ወንዝ የሄደ ቢሆንስ?» ትለኛለች። መልስ አጣሁ። ለመሆኑ ከጥንትም ሰው ኖሮበት አያውቅም?
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። 31 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ በዓመት አንድ ካገኘሁ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረው ነበር። የልጅቷ ጭንቀት ወንዙ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ቤቴ ከአቃቂ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ሐምሌ ላይ ውሃው ሲሞላ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የተበጠሰው ጫማ ተያይዞ ሲወርድ ቆሜ አያለሁ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከእናንተ ሰፈር በጎርፍ የተወሰደ ጠርሙስ ሄንደርሰን ሊደርስ አይችልም፤ ይህን በእርግጠኝነት ንገሪያት። ግን ባሕር ካልደረሰ እዚሁ አለ ማለት ነው። አባ ሳሙኤል ዳር የሄደ ሰው ከእንቦጩ ጋር ተጠላልፎ ያየዋል። እኔን ከደሴቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ውሃ መንገዱ ሌላ ነው፤ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። አንድ ዳመና እንጦጦ ራስ ላይ ያዘነበው ዝናብ ግማሹ ወደ አፋር፣ ግማሹ ወደ ሜዲትራኒያን መንገድ ይጀምራል። ይህን ለተማሪ በነገርኩ ቁጥር እኔው ራሴ እንደ አዲስ እደነቃለሁ።

ወደ ደሴቱ እንሂድ። ሄንደርሰን ደቡብ ፓስፊክ መሃል፣ የሐሩሩ ክልል ከሚያልቅበት መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ይገኛል። ርዝመቱ 9.6 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 5.1 ኪሎ ሜትር ነው። ስፋቱ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ አዲስ አበባ 14 ጊዜ ያህል ትበልጠዋለች። የብሪታንያ ግዛት ሆኖ የሚተዳደረው ከፒትኬርን ደሴቶች ጋር ነው። ቅርብ ጎረቤቱ 193 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ፒትኬርን ናት፤ የእሷም ነዋሪ 50 ሰው ገደማ ቢሆን ነው።

አፈጣጠሩን ለልጅሽ በሊጥ አሳያት። መጀመሪያ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ሲሰምጥ ኮራል፣ ማለትም አጽማቸው ድንጋይ የሚሆን ጥቃቅን የባሕር እንስሳት፣ በላዩ ላይ አደገ። በኋላ ፒትኬርን ከባሕር ወለል ፈንድታ ስትወጣ ክብደቷ ወለሉን ተጫነው። ሊጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት ዙሪያው ብድግ እንደሚል፣ ሄንደርሰንም ከነኮራሉ ወደ ላይ ተገፋ። ዛሬ አናቱ ከባሕር በላይ 33 ሜትር ያህል ነው። ዳርና ዳሩ ገደል፣ ላዩ እንደ ስለት የሚቆርጥ የኮራል ድንጋይና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ድንጋዩ ዝናቡን ወዲያው ስለሚውጠው ወንዝም ጅረትም የለውም። የደሴቱ ታሪክ ሁሉ የውሃ ታሪክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰውስ ኖሮበታል። ፖሊኔዥያውያን በታንኳ መጥተው ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቆፈሩት አርኪዮሎጂስቶች ደሴቱ ላይ የማይገኝ ነገር አወጡ፤ ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና መስታወት መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከፒትኬርን፣ የዕንቁ ዛጎል ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ማንጋሬቫ ደሴት የመጣ ነበር። ንግድ ነበራቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1450 ገደማ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ቆመ። ሰዎቹም ቆይተው ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1606 ለስፔን ይሠራ የነበረው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ኬይሮስ ሲያየው ሰው አልነበረበትም። የአሁኑን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1819 በዚያ ካለፈው ካፒቴን ጄምስ ሄንደርሰን ነው።

ከዚያ የኤሴክስ ሰዎች ታሪክ ይመጣል። ኤሴክስ ከአሜሪካ፣ ከናንቱኬት የተነሣች ዓሣ ነባሪ የምታድን መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1820 አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ መትቶ አሰጠማት። 20 ሰዎች በሦስት ትንንሽ ጀልባ አንድ ወር ተንከራተው ዲሴምበር 20 ሄንደርሰን ደረሱ። ውሃ ፍለጋ ደሴቱን አሰሱ። ያገኙት ምንጭ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም ባሕሩ ዳር ካለ አለት ሥር የሚወጣና ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈን ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ሮጠው ይቀዳሉ፤ ሲመለስ ጨው ይውጠዋል። እህቴ፣ የእኔም ሰፈር እንደ እናንተው ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የቧንቧውን ድምፅ ሰምቼ ጀሪካን ይዤ ስነሣ ብዙ ጊዜ እነዚያ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚበላ ወፍና እንቁላል አለቀባቸው። 17ቱ እንደገና ወደ ባሕር ሲወጡ ሦስቱ፣ ቶማስ ቻፕል፣ ሴት ዊክስና ዊልያም ራይት፣ «እኛ እዚሁ እንቀራለን» አሉ። 17ቱን ባሕር ላይ ያገኛቸው ነገር ለልጅ የሚነገር አይደለም፤ በሕይወት የተረፉት 5 ብቻ ናቸው። ሦስቱ ግን ከሦስት ወር በላይ ቆዩ። ውሃ ሲፈልጉ አንድ ዋሻ ውስጥ የሰው አጽም አገኙ፤ ከእነሱ በፊት የመጣ ሰው እዚያ አልቆ ነበር። ሰርይ የተባለች መርከብ ያወጣቻቸው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1821 ነው። ከባሕር የተረፉት 5ቱ ደሴቱ ዱሲ የምትባለዋ ሌላ ደሴት መስሏቸው ለፈላጊዎቹ ያንን ስም ስለተናገሩ፣ ሦስቱ ሳይገኙ ሊቀሩ ምንም አልቀራቸውም።

ዛሬ የደሴቱ ባለቤቶች ወፎች ናቸው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ አራት የየብስ ወፎች አሉት። ከእነሱ አንዷ ጥቁር ላባና ቀይ እግር ያላት፣ መብረር የማትችል ወፍ ናት። ደሴቱ እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የወፎቹ ጠላት ከፖሊኔዥያውያኑ ጋር የመጣው አይጥ ነው፤ የባሕር ወፎቹን ጫጩት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሄሊኮፕተር መርዝ ረጭተው ሊያጠፉት ሞከሩ፤ ጥቂት አይጦች ተረፉና ተመልሰው በዙ።

ፕላስቲኩን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኒፈር ላቨርስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ዳርቻው ላይ ያለውን ቆጥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ግምት 37.7 ሚሊዮን ቁራጭ፣ በክብደት 17.6 ቶን ነው። አብዛኛው አሸዋው ውስጥ የተቀበረ ነው። የሚያመጣው የውቅያኖስ ጅረት ነው። ደቡብ ፓስፊክ ላይ ውሃው እንደ ትልቅ ምጣድ ዙሪያውን ይዞራል፤ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍና ከዓሣ አጥማጅ መርከቦች የወደቀውን ይዞ ሲዞር ሄንደርሰን መንገዱ ላይ ቆሟል። መረብ፣ ሳጥን፣ ጠርሙስ፣ የጠርሙስ ክዳን ያወርድበታል። ባዶ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩ ሸርጣኖች አሉ፤ አንዱ የመዋቢያ ቅባት ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲሄድ ፎቶ ተነሥቷል። ልጅሽ ያየችው ምናልባት እሱን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለማጽዳት የሄዱ ሰዎች 6 ቶን ያህል ሰብስበው ነበር፤ ማዕበሉ ጀልባ አላስጠጋ ስላላቸው ክምሩን ዳርቻው ላይ ትተው ተመለሱ።

ለልጅሽ «ማን ጣለው?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ስሙን የማናውቀው፣ ደሴቱንም አይቶት የማያውቅ ሰው» በያት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ተማሪዎቼን ይዤ ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ከድልድይ ላይ እንጥል ነበር፤ 40 ቁራጭ። ሌሎቹ ልጆች ከታችኛው ድልድይ ላይ ሆነው ይቆጥራሉ። አንድ ዓመት የደረሱት 11 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ዳር ዳሩን ስንሄድ በየመታጠፊያው በተከመረ ፌስታል ተይዘው አየናቸው። ከልጅሽ ጋር ሞክሩት፤ ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ ግን ድልድዩ ላይ ሆናችሁ እንጂ ወንዙ ውስጥ አትግቡ። ስንቱ እንደደረሰ ልጅቷ ራሷ ትጻፍልኝ።