መልስ፦ የ13 ዓመት ልጅ፣ ስልክና ማምሸት

እህቴ፣ ከኮዬ ፈጬ ሆነሽ፣ የ13 ዓመት ልጅሽ ስልክ ይዛ እንደምታድርና ከትምህርት ቤት እንደምታመሽ ጽፈሽ «ስልኩን ልቀማት ወይ?» ብለሻል። አትቀሚያት፤ በጓደኛዋ ስልክ መጠቀም ትጀምርና ጭራሽ ከዓይንሽ ትሰወራለች።

መጀመሪያ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ቲክቶኳ ላይ የተመዘገበውን የልደት ዘመን እዩ። ብዙ ልጆች ዕድሜ ጨምረው ነው የሚከፍቱት፤ ያኔ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የተሠራው ጥበቃ፣ አካውንቱ ባለቤቱ ላልፈቀደለት ሰው ዝግ መሆኑና የውስጥ መልእክት መከልከሉ፣ ለእሷ አይሠራም። በትክክለኛ ዕድሜዋ አዲስ ትክፈት፤ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚለውን (ወላጅ የልጁን አካውንት የሚቆጣጠርበት ነው) ነክተሽ ከራስሽ አካውንት ጋር አገናኚው። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ የአንቺም የአባቷም ጭምር፣ አለዚያ አትቀበልሽም።

ማምሸቱን በተመለከተ፣ የታክሲ ሰልፍ እውነትም ያስመሻልና «12 ሰዓት ግቢ» ብቻ አትበያት። ሰልፍ ስትይዝ ትደውል፤ ከመሸ ፌርማታው ላይ የሚቀበላት ሰው ይኑር። በመኪና የሚሸኛት ወይም ስጦታ የሚሰጣት ትልቅ ሰው ካለ ግን ድርድር የለም፤ ማንነቱን ዕለቱኑ እወቂ፣ እሷን ሳትቆጪ። ከተቆጣሻት ሁለተኛ አትነግርሽም።