ዋና ሳልችል ለባሕር ኤሊ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ፒያሳ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ኬንያ፣ የባሕር ኤሊ በሚጠብቅ ፕሮጀክት ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል እፈልጋለሁ። ያገኘሁት ድርጅት ግን ብዙ ብር ይጠይቃል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የኤሊ ጫጩት በእጁ ይዟል። ዋናም አልችልም። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?
ሜ. ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ ሜ.፣ ሂጂ። እዚያ ድርጅት ጋ ግን አትሂጂ።

ዋና አለመቻልሽ አያሳስብሽ፣ ሥራው አሸዋው ላይ ነው። ኤሊዋ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ከባሕር ትወጣና በኋላ እግሯ ጉድጓድ ቆፍራ፣ መቶ ገደማ እንቁላል ጥላ፣ አሸዋ አልብሳው ትመለሳለች። እናንተ ሌሊቱን ዱካዋን ትፈልጋላችሁ፣ ጎጆው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ማዕበል የሚደርስበት ከሆነ እንቁላሉን ሳታገላብጡ ከፍ ወዳለ ቦታ ታዛውራላችሁ። ቀን ፕላስቲክ መልቀም ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ጫጩቷ ሁለት ወር ገደማ አሸዋ ውስጥ ቆይታ ስትፈለፈል ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው የምትወጣው። በዚያ ስንቅ ሳታርፍ ዋኝታ ከዳርቻው መራቅ አለባት፣ ምክንያቱም ዳር ዳሩን የሚበላት ብዙ ነው። ለቱሪስት ፎቶ ተብሎ ገንዳ ውስጥ ስታድር ግን ስንቋን እዚያው ስትንፈራገጥ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ ባሕር ቢለቋት በምን ጉልበቷ? በጣም ያናድደኛል።

ብር መጠየቃቸው ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ምግብና ማደሪያ ወጪ አለው። ብሩ ምን ላይ እንደሚውል በዝርዝር ጠይቂ። ጫጩቶቹ መቼ እንደሚለቀቁም ጠይቂ። «ቱሪስት ሲመጣ» ካሉሽ በቃ፣ ተያቸው።

ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ማሊንዲ አጠገብ ያለችው ዋታሙ ላይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎጆ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ውስጥ ኤሊ ሲገባ ይደውሉላቸዋል፤ እነሱም ለክተው፣ መዝግበው ይለቋታል። ፍለጋሽን ከዚያ ጀምሪ።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገሽ እንጦጦ ውጪ፣ አሸዋ ላይ ሌሊቱን መሄድ ጉልበት ይፈትናል። ጠቆር ያለ ልብስና ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ያዢ። የስልክሽን መብራት ዳርቻው ላይ አታብሪ፤ ኤሊዋ ካየችው እንቁላሏን ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች።