ቱሊፕና ፖም በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይስማሙም

እኅታችን «በክረምቱ ብርድ ከልጆቼ ጋር ቤት ተዘግቶብናል፤ ግቢ የለንም፤ በመስኮት ዳር ምን ልንተክል፣ ምንስ ልናይ እንችላለን?» ብለው ጠይቀዋል። ክረምት ሲሉ ዝናቡን ሳይሆን ውርጩን ማለትዎ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ሁለት ልጆችና አንድ የመስኮት ደፍ ብቻ ይዤ እንዲህ ያሉ ሦስት የብርድ ወቅቶችን ስላሳለፍሁ፣ ስለ አፈርና ስለ መትከያ ዕቃ ምርጫ አልጽፍልዎትም፤ የምጽፍልዎት ያጠፋሁትን ነው።

1. ፈጥኖ ዓይን በሚሞላ ነገር ይጀምሩ። የባሮ ሽንኩርት ነጩ ጫፍ ከነሥሩ በትንሽ ውኃ ውስጥ ሲቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመሐሉ አረንጓዴ ይወጣል። የተቆረጠ የካሮት አናትም እንዲሁ ያቆጠቁጣል፤ ሆኖም የሚሰጠው ቅጠል ብቻ እንጂ ካሮት አለመሆኑን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው። እኔ ሳልናገር በመቅረቴ ትንሿ ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ከሳህኑ እያነሣች ሥሩን ስትፈትሽ ከርማለች።

2. ቱሊፕ የተባለው አበባ። የሽንኩርት ራስ የመሰለው ኮረቱ አበባውን በውስጡ አዘጋጅቶ ይይዛል፤ አገዳው ተመዝዞ አበባውን እንዲያወጣ ግን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት። ግቢ የሌለው ሰው ይህን ብርድ የሚያገኘው ከማቀዝቀዣ ነው። እኔም 24 ኮረቶች በወረቀት ከረጢት አድርጌ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ከታችኛው መሳቢያ አስቀመጥኋቸው፤ ፖም ከሚቀመጥበት መሳቢያ ማለቴ ነው። ከ14 ሳምንት በኋላ ስተክላቸው ቅጠሉ አማረ፤ አበባው ግን እንደ ደረቀ ወረቀት ተጨማድዶ ቀረ።

ወደ ሸጠልኝ ሰው ዘንድ አንዱን ይዤ ብሄድ ቀና ብሎ ሳያይ «ውኃ አብዝተሃል» አለኝ። ቅጠሉ ጤነኛ መሆኑን ላሳየው ስሞክር ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ። እኔም አምኜው በሁለተኛው ዓመት ውኃ ቀነስሁ፤ ኮረቶቹን ግን እዚያው ከፖሙ ጎን አስቀመጥኋቸው። ውጤቱ ያው ሆነ። በንዴት አንዱን ኮረት ቁመቱን በቢላዋ ሰንጥቄ ከመሐሉ ያለችውን የአበባ እምቡጥ አየሁ፤ ጠቁራ ደርቃለች። ገና ያልተቀመጠ አዲስ ኮረት ስሰነጥቅ ደግሞ ያችው እምቡጥ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆና፣ እርጥብና ሙሉ ሆና ተገኘች። የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የተባለ ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ጋዙም በኮረቱ ውስጥ ያለውን አበባ እንደሚገድል የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ነው። የወረቀት ከረጢት ጋዙን አያግደውም። በሦስተኛው ዓመት ፍራፍሬውን በሙሉ ከማቀዝቀዣው አወጣሁ፤ ከ24ቱ 22ቱ አበቡ። አንዱን መትከያ ታቅፌ በዚያ ሰው በር ለማለፍ እንዳሰብሁ አልደብቅም።

በእርግጥ ሰውየው ስለ ሌሎቹ ተክሎች ቢሆን ኖሮ አልተሳሳተም ነበር፤ ብርሃን ባነሰበት ወቅት ተክል ውኃ የሚጠጣው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ጣትዎን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አስገብተው አፈሩ ደርቆ ካላገኙት አያጠጡ። ደግሞም ኮረቱ መርዛማነት ስላለውና ሽንኩርት ስለሚመስል፣ ከረጢቱ ላይ በትልቁ ጽፈው ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩት።

3. በረዶ ከጣለ ጥቁር ጨርቅ ውጭ አቀዝቅዘው ብናኞቹን ይቀበሉበትና በአጉሊ መነጽር ይዩአቸው። ስድስት ክንድ ያላቸውን መቁጠር ለልጆቼ የማይሰለች ጨዋታ ሆኖላቸዋል፤ ትንፋሽ እንዳያቀልጠው ግን ሁሉም አፉን በሻርፕ መሸፈን ነበረበት።

ቱሊፑን ዛሬ ቢያስቀምጡ እንኳ የሚያብበው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያው ባሮ ሽንኩርቱ ያቆያችኋል። ማቀዝቀዣዎ ጠባብ ሆኖ ፍራፍሬውን ሌላ ቦታ ማኖር ካልቻሉ ግን ኮረቱን ጨርሶ አይግዙ።