ዳቦው ከላይ እያረረ ከሥር ሊጥ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። የኤሌክትሪክ ኦቨናችን ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ዳቦውን ከላይ እያሳረረ ከሥሩ ሊጥ ያስቀረዋል። ማታ ማታ ደግሞ ሙቀቱ በጠቅላላው ይዳከማል። ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) እንድቀይር ተመክሬአለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቴርሞስታቱን ለመቀየር አይቸኩሉ። እርሱ ቢበላሽ ኖሮ የሚዛባው የላዩም የሥሩም ሙቀት በአንድነት በሆነ ነበር፤ ከላይ እያሳረረ ከሥር መቀዝቀዙ ግን የታችኛው ሬዚስታንስ (ሙቀት ሰጪው ክፍል) መቃጠሉን፣ የሽቦው ማያያዣ መላላቱን ወይም የላይና የታች ሙቀት መምረጫ ማብሪያው መበላሸቱን ይጠቁማል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ስለማይበቃ በመጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ኦቨኑ ሲቀዘቅዝ የታችኛውን ሽፋን አንሥተው ሬዚስታንሱን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ የተቃጠለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እንደ ብጉር ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ይታይበታል። ካልታየ ሽቦዎቹን ከጫፎቹ አላቅቀው በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩት፦ በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚሠራ ሬዚስታንስ 24 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ካልቆጠረ ግን ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው።

የማታው ድካም የኦቨኑ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ቢደርስ ሬዚስታንሱ የሚሰጠው ሙቀት ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። በእኔ እምነት ጤነኛ ኦቨን በከንቱ የሚፈታው በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ስለሆነ፣ የሶኬቱን ቮልቴጅ ቀንም ማታም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስለኩ።

ሲገጥሙ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለውን የመሬት ሽቦ ወደ ቦታው ሳይመልሱ ኦቨኑን ፈጽሞ እንዳይሰኩ አደራ እላለሁ።