ፍርሃትን የሚይዙና የሚለቁ የአንጎል ሴሎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አሚግዳላ ከፍርሃት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል መሆኑን፣ ጋባ ደግሞ የነርቭ ሴሎችን ሥራ የሚገታ ኬሚካል መሆኑን ተምረናል። እንግዲያው በአሚግዳላ ውስጥ ጋባ በብዛት ሲለቀቅ ፍርሃት ይቀንሳል ማለት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም። እንዲያውም ፍርሃት የሚቀሰቀስበት ዋናው መንገድ ራሱ በጋባ የሚሠራ ነው። የትኛው ሴል የትኛውን እንደገታ ሳይታወቅ የጋባውን ብዛት ብቻ ይዞ መናገር አይቻልም።

አሚግዳላ አንድ ወጥ አካል አይደለችም። ባሶላተራል የሚባለው ክፍሏ ድምፅን፣ ሕመምንና ሌሎች ስሜቶችን ይቀበላል። እዚህ ከአምስት ሴሎች አራቱ ያህል ግሉታሜት የሚለቁ ቀስቃሾች ሲሆኑ የቀረው አንዱ ጋባ የሚለቅ ገቺ ነው። ትእዛዝ የሚወጣበት ሴንትራል የተባለው ክፍል ግን ከሞላ ጎደል በጋባ ሴሎች የተሞላ ነው። ገቺ ሴል ሌላውን ገቺ ሲገታ ውጤቱ መልቀቅ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ በፍሬን የተያዘ መኪና ፍሬኑ ሲነሳለት እንደሚንደረደር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ስዊዘርላንድ ባዝል የሚገኘው የአንድሬያስ ሉቲ ቤተ ሙከራና አሜሪካ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዴቪድ አንደርሰን ቤተ ሙከራ ይህንን በአይጥ ላይ አሳይተዋል። በሴንትራል አሚግዳላ የጎን ክፍል ሁለት ወገን ሴሎች አሉ። ቀድሞ ከሕመም ጋር አብሮ በመሰማቱ የሚያስፈራ የሆነው ድምፅ ሲሰማ አንዱ ወገን ይነቃል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዝም የሚለው ወገን ፒኬሲ ዴልታ በተባለ ፕሮቲን ይለያል፤ በሰላሙ ጊዜ ትእዛዝ የሚያወጡትን የመውጫ ሴሎች አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ሲታፈን መውጫው ይለቀቅና አይጧ ባለችበት ድርቅ ትላለች። ሆኖም ፒኬሲ ዴልታን «ፍርሃት አጥፊ» ብሎ መሰየም ችኮላ ነው፤ እነዚሁ ሴሎች የሕመም መልእክት በማቀበል አንጎል መፍራትን እንዲማር እንደሚያግዙ በኋላ ተደርሶበታል።

አንጎል መፍራትን በሚማርበት ሰዓትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሕመሙ ሲመጣ በባሶላተራል ውስጥ ያሉ ቪአይፒ የተባሉ ገቺዎች ይነቁና ሌሎቹን ገቺዎች፣ ሶማቶስታቲንና ፓርቫልቡሚን የሚባሉትን፣ ዝም ያሰኛሉ። ቀስቃሾቹ ለአጭር ጊዜ ክፍት ይሆናሉ፤ ድምፁና ሕመሙ የሚተሳሰሩት ያኔ ነው። ሕመሙ የሚጠበቅ እየሆነ ሲመጣ የቪአይፒ ምላሽ ይቀንሳል። አንጎል ትምህርት የሚቀበለው ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ነውና ይህን ለሚቀጥለው ጥያቄ ያዙልን።

ጥያቄ፦ ውሻ ነክሶኝ ለረጅም ጊዜ እፈራ ነበር። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ ተለማምጄ ለቀቀኝ። አሁን ሌላ ሰፈር ከገባሁ ወዲህ ግን ተመለሰብኝ። ሕክምናው ከንቱ ነበር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከንቱ አልነበረም። ልምምዱ የድሮውን ትውስታ አይፍቀውም፤ ከጎኑ «ይህ አሁን አይጎዳም» የሚል አዲስ ትውስታ ያስቀምጣል። አዲሱ ትውስታ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ በሁለቱ የአሚግዳላ ክፍሎች መካከል ያሉት ኢንተርካሌትድ የተባሉ ጥቃቅን የጋባ ሴል ክምችቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ፍርሃታቸው ከበረደላቸው አይጠ መጎጦች ላይ እነዚህ ሴሎች በመርዝ ሲገደሉ ፍርሃቱ ተመልሷል። በ2021 ደግሞ ከክምችቶቹ አንዱ በፍርሃት ጊዜ፣ ሌላው በመብረድ ጊዜ እንደሚነቃና እርስ በርስ እንደሚገታቱ ታየ።

አዲሱ ትውስታ ደካማ ጎን አለው፤ ከተማረበት ቦታ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ፍርሃት በሦስት መንገድ ይመለሳል፦ ቦታ ሲቀየር፣ ጊዜ ሲያልፍ፣ ወይም ሌላ አስደንጋጭ ነገር ሲደርስ። የእርስዎ የመጀመሪያው ይመስላል።

የሚበጀው ልምምዱን በአዲሱ ሰፈር መድገም ነው። ባለቤት ያለው፣ የተከተበና የታሰረ ውሻ ይፈልጉ፤ የጎዳና ውሻ ለዚህ አይሆንም። በ10 ሜትር ይጀምሩና ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 2 ሜትር ይቅረቡ። ከመቅረብዎ በፊት ምን ይደርስብኛል እንደሚሉና ከ100 ስንት እጅ እንደሚያምኑት ይጻፉ፤ ሲጨርሱ የሆነውን ከግምቱ ጋር ያስተያዩ። ትምህርቱ ያለው በግምቱና በሆነው መካከል ባለው ልዩነት ነው። ውሻውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይለዋውጡ፤ ሁልጊዜ በአንድ ግቢ ከአንድ ውሻ ጋር መለማመድ ፍርሃቱ የሚመለስበትን በር ክፍት ይተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ድንጋይ ወይም ጃንጥላ ይዞ መለማመድ ነው፤ አንጎል «የዳንኩት በጃንጥላው ነው» ብሎ ይመዘግባል። ሁለተኛው ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ ጥሎ መሮጥ ነው፤ ያኔ የተማረው ነገር መሸሽ እንደሚያድን ብቻ ይሆናል። (ከጥያቄው ውጭ ቢሆንም፦ ዳግም ቢነከሱ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።)

ጥያቄ፦ «አይጧ ፈራች» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ድርቅ ብላ በቆየችበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ከመተንፈስ በቀር ምንም እንቅስቃሴ ሳታሳይ። በተለመደው አሠራር አይጧ ወለሉ የብረት ዘንግ የሆነ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። 30 ሰከንድ ድምፅ ይሰማና በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣል፤ ይህ አምስት ጊዜ ያህል ይደገማል። በማግስቱ ሽታው፣ ግድግዳውና ወለሉ በተቀየረ ሣጥን ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ ከ30ው ሰከንድ ስንቱን እንደደረቀች ይለካል። ሣጥኑ ካልተቀየረ የፈራችው ድምፁን ይሁን ቦታውን መለየት አይቻልም።

ለብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ፕሮቲን ሴሎች ውስጥ አስገብቶ ሴሎቹን በብርሃን በመግታት የሚሠራ ሙከራ ሲያነቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ። ብርሃኑ ራሱ አንጎልን ያሞቃል፤ ስለዚህ ሴሉን የማይገታ፣ የሚያበራ ፕሮቲን ብቻ የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል። መንቀሳቀስ ያቃታት አይጥም የፈራች ትመስላለች፤ በሰፊ ሜዳ የሚደረግ የእንቅስቃሴ ፈተና የሌለው ጥናት ግማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ዲያዜፓም አዞልኛል። ጋባን ካገዘ ፍርሃቴን ከሥሩ አይነቅለውም? (ከጅዳ)

መልስ፦ አይነቅለውም። ዲያዜፓም ጋባ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ የክሎራይድ መተላለፊያው ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ግን ይህን የሚያደርገው በመላው አንጎል ነው። ከላይ ያየናቸውን ወገኖች አይለይም። ጭንቀቱን ለሰዓታት ያበርዳል፤ ኪኒን ውጠው የሚያደርጉት ልምምድ ግን ከኪኒኑ ውጭ ላይሠራ ይችላል። በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ የትናንት ማታው ኪኒን በዛሬው ልምምድ ላይም አለ። ልምምድ ሊጀምሩ ካሰቡ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ለሳምንታት ሲወስዱት የቆዩትን ግን በራስዎ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አያቁሙ፤ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ስለሚችል መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀነሳል። ከአልኮልም ጋር አይውሰዱት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መተንፈስን ያዳክማሉ።